መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ፍጉ፦ በአዳማ ዙሪያ የተራቆተ መሬትን ለመመለስ ዝርዝር መመሪያ

ሐምሌ ላይ ከአዳማ ወጣ በሉ። ወደ ወንጂም ሆነ ወደ ቦሰት፣ ወደ ሉሜም ሆነ ወደ ዶዶታ ብትሄዱ ለውጥ የለውም። ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ አንድ የተራቆተ ማሳ ውስጥ ግቡና በጣታችሁ ቆፈር አድርጉ። ላዩ ጭቃ ነው። አንድ ስንዝር ሳትወርዱ ግን ደረቅ አፈር ታገኛላችሁ። ዝናቡ ዘንቧል፣ መሬቱ ግን አልጠጣም። ውሃው የቀረችውን ለም አፈር ጠርጎ ቁልቁል ሄዷል።

አዳማ አካባቢ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ይህ ለቦሎቄም ለበቆሎም የሚያንስ ዝናብ አይደለም። ችግሩ አብዛኛው ዝናብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጥቂት ከባድ ዶፎች መውረዱ ነው። ባዶ አፈር ላይ የሚያርፍ ጠብታ አፈሩን ይፈጨዋል፤ የተፈጨው ደግሞ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል። ቀጣዩ ዝናብ በዚያ ቅርፊት ላይ ይንሸራተታል።

ስለዚህ እዚህ የምሰጣችሁ ምክር ከተለመደው «ኮምፖስት አዘጋጁና ማሳው ላይ በትኑ» ትንሽ ይለያል። በደረቅ አካባቢ ኮምፖስት መበተን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። ጎርፍ ይወስደዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ነፋስ ይጠርገዋል። ያላችሁን ትንሽ ኮምፖስት ውሃ በሚቆምበት ቦታ ላይ ብቻ አድርጉት። ውሃ የሚቆምበት ቦታ ከሌለ መጀመሪያ እሱን ሥሩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሳ ነው።

መሬታችሁን ፈትሹ

ለዚህ ላብራቶሪ አያስፈልጋችሁም። ከማሳው መሀል የአውራ ጣት የሚያክል ደረቅ ጓል አንሱ። ሌላ ተመሳሳይ ጓል ደግሞ ከብት ከማይረግጠው አጥር ሥር ወይም ከትልቅ ግራር ጥላ ሥር አምጡ። ሁለቱን በሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ልቀቁና ተመልከቱ። የማሳው ጓል አረፋ እየተፋ ወዲያው ፈርሶ ዱቄት ከሆነ፣ አፈሩን አያይዞ የሚይዘው የበሰበሰ ነገር አልቋል ማለት ነው። የግራሩ ሥር ጓል ብዙውን ጊዜ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ልዩነቱን ስታዩ ምን እንደጠፋ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ፈተና የመጠጣት ፈተና ነው። የባዶ ወተት ጣሳ ሁለቱንም ጫፍ ቁረጡና አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ትከሉት። ውሃ ሙሉበትና ሰርጎ እስኪያልቅ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በስልካችሁ ያዙ። ያንኑ ግራሩ ሥር ድገሙት። ቁጥሮቹን ጻፉና አስቀምጡ፣ በኋላ ትፈልጓቸዋላችሁ።

የአፈሩን ዓይነትም ለዩ። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ችግራችሁ የተለየ ነው፤ እዚያ ላይ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ መቆፈር ሰብሉን ያሰጥማል። አዳማ ዙሪያ በብዛት የሚታየው ግን ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ነጣ ያለና ቀለል ያለ አፈር ነው። እፍኝ ስታነሱ ክብደት የለውም፣ አንዳንዴም በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ትናንሽ ድንጋዮች ይገኙበታል። ይህ መመሪያ ለእሱ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ኖራ አትጨምሩ። በቴሌቪዥንና በራዲዮ ስለ ኖራ የምትሰሙት ለደጋው አሲዳማ አፈር ነው። የእኛ አፈር በአብዛኛው ገለልተኛ ወይም ወደ አልካላይ የሚያደላ ነው፤ ኖራ ያባብሰዋል። የምድጃ አመድም እንደዚያው ነው። ኮምፖስት ውስጥ እፍኝ ብትነሰንሱ አይጎዳም፣ በጆንያ እያመጡ ማፍሰስ ግን ይቅር። በመስኖ የምታለሙና መሬቱ ላይ ነጭ ጨው የምታዩ ከሆነ ደግሞ ምንም ከመጨመራችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። ጨዋማ መሬት ላይ የዶሮ ኩስ መጨመር ጨው መደረብ ነው።

ምን ያህል ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ምክር በሄክታር ከ50 እስከ 100 ኩንታል ኮምፖስት ነው። አንድ የአገር ላም በቀን ከ2 ኪሎ ብዙም ያልራቀ ደረቅ ፍግ ትሰጣለች፤ በዓመት 7 ኩንታል ቢሆን ነው። የዚያም ግማሹ በግጦሽ ቦታ ይቀራል። በሁለት ላም አንድ ሄክታር ማዳበር አይታሰብም።

አሁን ኮምፖስቱን ማሳው ላይ ውሃ በሚያቁሩ ትናንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ብቻ ብናደርገው እናስብ፤ አቆፋፈራቸው በኋላ ይመጣል። 80 ሴንቲ ሜትር እየተራራቁ ጉድጓዶች ብትቆፍሩ በአንድ ሄክታር 15,600 ያህል ይወጣሉ። በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር፣ 3,900 ናቸው። ለእያንዳንዱ 300 ግራም ኮምፖስት ብትሰጡ ለጥማዱ 12 ኩንታል ገደማ ይበቃል። ይህ ሁለት ላምና ጥቂት ፍየል ያለው ቤተሰብ ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው። ማሳችሁ ሁለት ሄክታር ቢሆንም በአንድ ጥማድ ጀምሩ፤ እሱም ቢሆን ለቤታችሁ ቅርብ የሆነው ይሁን። ርቆ ያለ ማሳ ላይ ኮምፖስት በጋሪ ማመላለስ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ጥሬ ዕቃው፦ ከኩበት ጋር ያለው ፉክክር

የመሬታችን ምግብ ምድጃ ውስጥ እየነደደ ነው። ይህን የምለው ኩበት የምትጠፈጥፍ እናትን ለመውቀስ አይደለም። ማገዶ ከሌለ እንጀራ የለም። ስለዚህ «እበት አታንድዱ» ብሎ መምከር ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ምትክ መስጠት ያስፈልጋል። ሁለት የሚሠሩ ነገሮች አውቃለሁ። አንዱ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ቆረቆንዳ ለመበስበስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ለእሳት ግን ጥሩ ነው። እሱ ወደ ምድጃ፣ እበቱ ወደ ጉድጓድ ይሂድ። ሌላው የርግብ አተር ነው። በማሳ ዳርና በእርከን ላይ ተክሉት። ፍሬው ይበላል፣ ቅጠሉ አፈር ያዳብራል፣ ግንዱ ማገዶ ይሆናል። ቆጣቢ ምድጃ ከታከለበት የሚተርፈው እበት ቀላል አይደለም። ባዮጋዝ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ጋዙን አንድዳችሁ ዝቃጩን ለመሬት ትሰጣላችሁ።

የጤፍ ጭድ ለከብት መኖና ለጭቃ ቤት ልስን ስለሚፈለግ ውድ ነው። አትድከሙበት። ከብት የማይበላውን ፈልጉ። የቦሎቄ ገለባ ትርፍራፊ፣ የወፍ ቆሎ ቅጠል፣ የጉሎ ቅጠል፣ የማሳ አረም። ፓርቲኒየም የሚባለው መጤ አረምም ይሆናል፣ ነገር ግን ከማበቡ በፊት ነቅላችሁ ከሆነ ብቻ ነው። አበባ ካወጣ ዘሩን በገዛ እጃችሁ ማሳችሁ ላይ ትዘሩታላችሁ። ስትነቅሉት ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል።

ከተማውን አትርሱ። አዳማ ትልቅ ከተማ ናት፣ በየቀኑም የምትጥለው ብዙ ነው። የአትክልት ተራ ጥቅል ጎመንና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጫት ገራባ፣ የጠላ አተላ፣ የቡና አተላ፣ የእንጨት ቤቶች ሰጋቱራ። ከሁሉ በላይ የምወደው የከብት ፈርስ ነው። በእርጥበቱና በውስጡ ባሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ማፍላቱን ያፋጥነዋል፤ ብዙ ቦታ ደግሞ የሚፈልገው የለም። ወንጂ አካባቢ ያላችሁ ከስኳር ፋብሪካው የሚወጣውን ፊልተር ኬክ (የአገዳው ጭማቂ ሲጣራ የሚቀረውን ዝቃጭ) ማግኘት ከቻላችሁ፣ ከሌላው ጋር ቀላቅላችሁ አብስላችሁ ተጠቀሙ።

ከከተማ ስታመጡ ግን ፌስታልና የጠርሙስ ስባሪ አንድ በአንድ ልቀሙ። ይህን ሥራ «በኋላ» አትበሉት። መሬት ውስጥ የገባ ፌስታል አይወጣም፣ ከብትም ይበላዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በብዛት አታስገቡ። ሰጋቱራም ከጠቅላላው ትንሽ ክፍል ይሁን፤ ብዙ ከሆነ ክምሩ ሳይሞቅ ወራት ይቀመጣል።

ኮምፖስቱን መቼና እንዴት?

መቼ የሚለው ከእንዴት ይበልጣል። ብዙዎቻችን ኮምፖስት የምናስታውሰው ሚያዝያ ላይ፣ የእርሻ ወቅት ሲቃረብ ነው። ያኔ አረንጓዴ ነገር የለም፣ ውሃ በጀሪካን ይገዛል፣ ጊዜውም አልፏል። ትክክለኛው ወቅት መስከረምና ጥቅምት ነው። አረሙ ለምለም ነው፣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ዝናቡም ስለወጣ ጉድጓዱ ጎርፍ አይሞላበትም። መስከረም የተሞላ ጉድጓድ ጥር ላይ ይደርሳል፤ እስከ ሰኔ ተሸፍኖ ይቆያል።

በደረቅ አካባቢ ከመሬት በላይ ከሚከመር ይልቅ ጉድጓድ ይሻላል፣ እርጥበት ይይዛል። ጥላ ያለበት፣ ከፍ ያለና ለውሃ ቅርብ የሆነ ቦታ ምረጡ። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ይሁን። ከዚህ ጉድጓድ ሁለት ሜትር ኩብ የሚጠጋ የበሰለ ኮምፖስት ይወጣል፤ ለአንድ ጥማድ ያሰብናት 12 ኩንታል ማለት ነች። ከጎኑ አንድ ተመሳሳይ ባዶ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ለማገላበጥ።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ ለአየር መግቢያ ይነጠፋል። በላዩ ተቆራርጦ ውሃ የጠጣ ደረቅ ነገር፣ አንድ ስንዝር። ቀጥሎ አረንጓዴ፣ አንድ ስንዝር። ቀጥሎ በውሃ የተበጠበጠ እበት ወይም ፈርስ፣ አራት ጣት። በላዩ ከጥሩ አፈር አንድ ሁለት እፍኝ ነስነስ አድርጉና ከደረቁ ጀምራችሁ ድገሙት። ጭድ ካለ በስሱ አንጥፉት፣ ከተደራረበ ውሃ አያሳልፍም። ጉድጓዱ ሲሞላ መሀሉ ጎበጥ ይበል። በአፈር ለስኑትና በሣር ወይም በጆንያ አልብሱት። መሀሉ ላይ እስከ ታች የሚደርስ ረጅም በትር ሰክታችሁ ተዉት።

የውሃው መጠን ሰዎችን ያስደነግጣል። ለ100 ኪሎ ደረቅ ነገር ከ100 ሊትር በላይ፣ ማለትም አምስት ስድስት ጀሪካን ያስፈልጋል። ለዚህ ነው መስከረም የምለው፤ ለምለም አረም ራሱ ውሃ ነው። የዕቃ እጣቢና የልብስ ማለቅለቂያም ይሆናል፣ በረኪና እስካልገባበት ድረስ። የከብት ሽንት ካገኛችሁ አትድፉት። በአምስት እጥፍ ውሃ አቅጥናችሁ ደረቁ ላይ አርከፍክፉት።

ምጣኔውን በመጽሐፍ ማወቅ ለምትፈልጉ፣ ካርበን ለናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 ለ1 ሲሆን ጥሩ ይፈላል። በእጅ አቆጣጠር ደረቁና አረንጓዴው እኩል፣ እበቱ ደግሞ የአንዳቸው ግማሽ ቢሆን ተቀራራቢ ነው።

በትሩ ምን ይላል?

በአምስተኛው ቀን በትሩን ሳቡና ወዲያው በእጃችሁ ያዙት። የሚያቃጥልና እርጥብ ከሆነ ሁሉም መልካም ነው። መሀሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ትኩስ ሆኖ ደረቅ፣ ነጭ ብናኝም የያዘ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነም ውሃ ነው የጎደለው፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ እበት ወይም አረንጓዴ ያንሰዋል። የሚገማና ጥቁር ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ አየር አጥቷል። ገልብጡትና ደረቅ ነገር ጨምሩበት።

እርጥበቱን በእጅ ለመለካት አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጭመቁ። በጣቶቻችሁ መሀል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ካለ ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ አንሷል።

ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ገልብጡት። ዳር ዳር የነበረው ወደ መሀል ይግባ። ስትገለብጡ ውሃ ጨምሩ። ከዚያ ከአንድ ወር በኋላ አንዴ ድገሙት። የበሰለ ኮምፖስት ጥቁር ቡናማ ነው፤ ዝናብ እንደነካው አፈር ይሸታል፣ ቅጠሉን ከአገዳው መለየት አትችሉም፣ ክምሩም ውሃ እያለው አይሞቅም።

ከማሳ በፊት ደግሞ ይሞከር። ሁለት ጣሳ ውሰዱ። አንዱን በማሳው አፈር ብቻ፣ ሌላውን አፈርና ኮምፖስት እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉ። በሁለቱም አምስት አምስት ፍሬ ቦሎቄ ዝሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የኮምፖስቱ ቡቃያ ከቢጫነት ነፃ ሆኖ በደንብ ከወጣ ሥራ ላይ አውሉት። ቅጠሉ ከተጠማዘዘ ወይም ጫፉ ካረረ ገና አልበሰለም፣ አለበለዚያም ጨው ወይም ፀረ አረም አለበት።

ገበሬው «ፍግ ሰብል ያቃጥላል» ሲል እውነቱን ነው። ያልበሰለ ፍግ፣ በተለይ የዶሮ ኩስ፣ ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት ቡቃያ ያደርቃል። ያልበሰለ አገዳና ገለባ መቅበርም ሌላ ጣጣ አለው። ሊያበሰብሱት የመጡት ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ከሰብሉ ቀድመው ይወስዱታል፣ በቆሎው ቢጫ ይሆናል።

ጉድጓዶቹን መቆፈር

ይህ ዘዴ ዛይ ይባላል፤ የመጣው ከቡርኪና ፋሶ ነው። ያኩባ ሳዋዶጎ የተባለ የያቴንጋ ገበሬ በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የአባቶቹን ጉድጓድ አስፍቶና አጥልቆ፣ ፍግም ጨምሮበት፣ ድንጋይ የመሰለ መሬት ላይ እህልና ዛፍ አበቀለ። በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኘ፤ በ2023 አረፈ። እኛ ጋ ቆላማ ቦታዎች ላይ ለሚታየው ቅርፊታም መሬት የሚመች ዘዴ ነው።

ከሁሉ በፊት ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ አስቡ። ማሳችሁ ከኮረብታ ግርጌ ከሆነ በላይኛው ዳር የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል። ያ ሳይኖር ጉድጓድ መቆፈር ለደለል ማጠራቀሚያ ማዘጋጀት ነው። የቦዩን መውጫ ከጎረቤት ጋር ተስማሙበት፣ ከእናንተ የወጣ ውሃ የሰው ማሳ ላይ ቦረቦር እንዳያወጣ።

ቁፋሮው ከጥር እስከ ግንቦት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ ነው። በዶማ ከባድ ሥራ ነው፣ አልደብቃችሁም። በየቀኑ ጥቂት ረድፍ እያደረጋችሁ ሂዱ። ረድፉ ተዳፋቱን ያቋርጥ። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከአንዱ መሀል እስከ ቀጣዩ መሀል 80 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ሁለተኛው ረድፍ ከመጀመሪያው ጋር ፊት ለፊት አይግጠም፤ በሁለት ጉድጓዶች መካከል የሚያልፈው ውሃ የታችኛው ላይ እንዲያርፍ ጣልቃ ይግባ። የወጣውን አፈር በታችኛው ዳር በግማሽ ክብ ክመሩት። በጉድጓዶቹ መሀል ያለውን መሬት አትንኩት። ቅርፊቱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፣ ውሃውን ወደ ጉድጓዱ ይነዳል።

በጋ ላይ ቆፍሮ መተው ሌላም ጥቅም አለው። የአዳማ ነፋስ የታወቀ ነው፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተሠሩትም ለዚህ ነው። ያ ነፋስ የሚያንከባልለው ቅጠልና ለም አቧራ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ኮምፖስት ጨምሩ። መለኪያችሁ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፣ አንገቱ ተቆርጦ። አንድ ሙሉ ጠርሙስ እርጥብ ኮምፖስት ወደ 300 ግራም ይመዝናል። ከአፈር ጋር ቀላቅሉትና በላዩ ቀጭን አፈር መልሱ። ጉድጓዱን ግን አትሙሉት። ቢያንስ አራት ጣት ጎድጎድ ብሎ ይቅር፣ ውሃው የሚቆመው እዚያ ነው።

መስከረም ያመለጣችሁስ? የከረመ ፍግ ካላችሁ ሚያዝያ ላይ ጉድጓዶቹ ውስጥ ጨምሩትና በአፈር ሸፍኑት። ሽታውን ተከትሎ ምስጥ ይመጣል። ብዙ ሰው ምስጥ ሲያይ ይደናገጣል። በሞተ መሬት ላይ ግን ምስጥ ያለ ክፍያ የሚሠራ ቆፋሪ ነው፤ ቅርፊቱን ይበሳዋል፣ ውሃ በቀዳዳው ይሰርጋል። የሚያስቸግረው በኋላ፣ ደረቅ ገለባ የበቆሎው ግንድ ላይ ተጠግቶ ሲከመር ነው።

አሸዋማ በሆነና ጉድጓዱ እየተናደ በሚያስቸግር ቦታ ጉድጓድ ትታችሁ፣ በየመሀሉ የታሰረ ትልም አውጡ። ትልሙን በየሁለት ሜትሩ በአፈር ግድብ ቆልፉት፣ ኮምፖስቱንም ትልሙ ውስጥ አድርጉ። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በባህላዊው ሞፈር ላይ የሚገጠም ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ ሠርቷል፤ ከአዳማ ቅርብ ስለሆነ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። በጣም ተዳፋት በሆነ መሬት ላይ ደግሞ እህሉን ተዉት። እርከንና በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተሠራ ውሃ ማቆሪያ ሠርታችሁ ሣርና ዛፍ አድርጉበት።

ዘር፣ ማዳበሪያና ጉዝጓዝ

ዝናቡ ጉድጓዱን በደንብ ካረጠበው በኋላ ዝሩ። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ፍሬ ቶሎ የሚደርስ በቆሎ ወይም አራት ፍሬ ቦሎቄ ይበቃል። የፋብሪካ ማዳበሪያ ጨርሳችሁ ተዉ አልልም። የደከመ መሬት ላይ ኮምፖስትና ጥቂት ማዳበሪያ አብረው ሲገቡ ከየብቻቸው ይልቅ ያተርፋሉ። በጉድጓድ ግማሽ የለስላሳ ቆርኪ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) በቂ ነው፤ ሙሉ ቆርኪ 6 ግራም ያህል ይይዛል። ከዘሩ ጥቂት ጣት ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

ሰብሉ ቁመቱ ስንዝር ሲሆን ጉዝጓዝ አልብሱ። የታረመውን አረም እዚያው ተዉት። ነፋሱ እንዳይወስደው በአገዳ ወይም በእሾህ ቅርንጫፍ ጫኑት። ከባድ ዝናብ በበዛበት ሳምንት ጉድጓዱ ከአንድ ቀን በላይ ውሃ ካቆረ የታችኛውን ዳር በጣት ሸንቁሩ።

ቦሎቄ ስታጭዱ አትንቀሉ። በማጭድ ከአፈር ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡ። ሥሩ ላይ ናይትሮጅን የያዙ ትናንሽ እብጠቶች አሉ፣ ከነሱ ጋር መሬት ውስጥ ይቅር። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ በየዓመቱ በገዛ እጃችን ነቅለን ወደ አውድማ የምንወስደው ሀብት ያሳዝነኛል።

ከአዝመራ በኋላ ያለው ልቅ ግጦሽ ትልቁ ጠላት ነው። ከብት ገለባውን ይበላል፣ ጉድጓዱን ይረግጣል። አጥር ጥሩ ነው፣ ግን ይወደዳል። ከብት የሚያሰማሩትን ጎረቤት ቀደም ብሎ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ይቺን ጥግ ብቻ ከብት አይልቀቁባት፣ የተሻለ ገለባ ካገኘሁ አካፍልዎታለሁ» ማለት ብዙ ጊዜ ከአጥር ይበልጣል። ቃላችሁን ግን ጠብቁ፣ ገለባውን ስጡ።

ከሰል ለአፈር

ከከሰል መሸጫ ሥር የሚቀረው ድቃቂ ለአፈር ይጠቅማል፤ ውሃና ንጥረ ነገር ይይዛል፣ በቶሎም አይበሰብስም። ብቻውን አትበትኑት። ጥሬ ከሰል ናይትሮጅኑን ለራሱ ይስባል። ኮምፖስት ስትሞሉ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ቀላቅሉት፣ አብሮ ይብሰል። ለዚህ ብላችሁ ግራር ቆርጣችሁ ከሰል አታክስሉ። ከአንድ ዛፍ የምታጡት ከከሰሉ ከምታገኙት ይበልጣል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት

በቆላ ሙቀት የተጨመረ ብስባሽ ቶሎ ያልቃል። አንዴ አድርጎ መተው የለም። በሁለተኛው ዓመት እነዚያኑ ጉድጓዶች ጥረጉና ግማሹን ያህል ኮምፖስት ጨምሩ፤ ቁፋሮው ግን ከመጀመሪያው ዓመት በብዙ ይቀላል። በሦስተኛው ዓመት በአሮጌዎቹ መሀል አዳዲስ ቆፍሩ። እንዲህ እያደረጋችሁ ቀስ በቀስ ማሳውን በሙሉ ታዳርሱታላችሁ።

ጉድጓዱ ውስጥ ከእበቱ ጋር የመጣ የዛፍ ዘር ሊበቅል ይችላል። በአካባቢው ገርቢ የሚባለው ግራር ከሆነ እባካችሁ አትንቀሉት። ይህ ዛፍ ክረምት ላይ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሰብሉን በጥላ አይሻማም። በጋ ላይ ለምልሞ ለከብት ጥላና ፍሬ ይሰጣል። ከሥሩ የሚበቅለው በቆሎ ከሌላው እንደሚበልጥ የአካባቢው ገበሬ ከማንም በፊት ያውቀዋል። በሾህ አጥሩትና ይደግ።

በመጨረሻ አንድ ረድፍ ምንም ኮምፖስት ሳትጨምሩ ተዉ፤ ጉድጓዱ ይኑር፣ ዘሩም ያው ይሁን። ሌላ አንድ ረድፍ ደግሞ ያለ ጉድጓድም ያለ ኮምፖስትም እንደ ድሮው ዝሩ። ኅዳር ላይ የሦስቱን ምርት ለየብቻ ወቅታችሁ መዝኑ። ጣሳውንም አውጡና የመጠጣት ፈተናውን እዚያው ቦታ ድገሙት፣ አዲሱን ደቂቃ ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ጻፉት። ለቀጣዩ ዓመት ስንት ኩንታል ኮምፖስት ማዘጋጀት እንደሚያዋጣችሁ የሚነግራችሁ ይህ ወረቀት ነው።